ጥርሱ እስኪያልቅ

«የላይኛው ክራንቻ ሥሩ ከዓይን ጋር የተሰፋ ነው» ትል ነበር ጎረቤታችን ሆላ ሳቭሪ። «በመሃል ቀጭን ክር አለች። ክሯን ሐኪም የነካት ዕለት፣ በቃ፣ ዓይንሽን እርሺው።»

እርሾ ልትበደር ስትመጣ ትለዋለች፤ እርሾውን ልትመልስ ስትመጣም ትለዋለች። የታወረችው ሴት ግን በየጊዜው ትለዋወጥ ነበር። አንድ ቀን የዳቦ ጋጋሪው ሚስት ናት፣ ሌላ ቀን የሙላው እኅት፣ ሲቀጥል ደግሞ ስሟ የማይጠራ የኾጀንድ ሴት። ዛሬ ሳስበው፣ በኢስታራቭሻን ያን ያህል ሴት በጥርስ ሰበብ ታውራ ቢሆን ኖሮ ገበያችን ውስጥ ከሰው ይልቅ ምርኩዝ በበዛ ነበር። ያኔ ግን የሰባት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሆላ ሳቭሪ ደግሞ ይህን ስታወራ የታችኛውን የዓይኗን ቆብ በጣቷ ትጎትተዋለች። ያንን ቀይ ሥጋ ፊት ለፊት እያዩ አላምንም ማለት ማን ይችላል?

እናቴን ያመማት የላይኛው ክራንቻዋ ነበር።

ከዚያ በፊት ግን የስልኩን ነገር ልናገር። አባቴ ሩሲያ ነበር፤ እንደ ሰፈሩ ወንድ ሁሉ የሰው አገር ግንብ ይገነባል። በመንገዳችን ስልክ የነበረው ታላቅ ወንድሙ አማክ ሙህሲን ብቻ ስለሆነ፣ አባቴ ሲደውል ሁላችንም ግቢው መሃል ካለው የእንጨት መደብ ላይ ተሰብስበን እንሰማለን። በጋው ሲገባ የደወለ ዕለት፣ አማክ ድምፁን ከፍ አድርጎ ስልኩን ትራስ ላይ አስቀመጠው። እናቴ የሻይ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆመች። አባቴ ስሟን ጠራ። ቀጥሎም የማላውቃትን አንዲት ቃል ጮክ ብሎ ተናገረ። ደገማት። ሠለሳት።

መስመሩ መጥፎ ስለሆነ የሚደጋግም መሰለኝ። ወደ ስልኩ ጎንበስ ብዬ ባለኝ ጉልበት ጮኽኩ።

«ሰምተናል፣ ዳዳ! ሁላችንም ሰምተናል!»

ማንም አልሳቀም። ቢቢ የምንላት አያቴ «ይህችን ልጅ ከፊቴ አንሱልኝ» አለች። እናቴ ለሁሉም ሻይ ቀዳች፤ አንድ ጠብታ አላፈሰሰችም።

ዛሬ ቃሏን አውቃታለሁ። ባል ሦስት ጊዜ ካላት ትዳር ፈረሰ፤ በስልክ ይሆናል አይሆንም እያሉ ሙላዎቹ ይከራከራሉ፣ ክርክሩ እስኪያልቅ ግን የሚጠብቅ የለም። የተፈታች ሴት የሦስት ወር መቆያዋን በባሏ ቤት ትጨርስና ወደ አባቷ ትመለሳለች። ልጅ የአባት ወገን ናት፤ ትቀራለች። የእናቴ አባት ቤት ደግሞ ከሻህሪስታን የተራራ መተላለፊያ ማዶ፣ ከላይኛው ዛራፍሻን ነው። ያን ጊዜ መተላለፊያውን በረዶ አንዴ ከዘጋው እስከ ጸደይ ድረስ ወፍ እንጂ ሰው አያልፍበትም ነበር። በረዶው ቶሎ ከመጣ እናቴ ከእኔ ጋር ትከርማለች፤ ካልመጣ ትሄዳለች። ይህን ሁሉም ሰው ያውቅ ነበር። እኔ የማውቀው ጥርስ ብቻ ነው።

ጥርሱ የተነሣባት መቆያው ሊያልቅ ሲል፣ የደረቀው አፕሪኮት ከጣራ በወረደበት ሰሞን ነው። ዓይኗ ቀልቶ፣ ጉንጯን በሻርፕ አስራ፣ የሸክላ ምድጃው ተንዱር ላይ ጎንበስ ብላ ዳቦ ስትለጥፍ ቢቢ መጣችና አገጯን ያዘች።

«ክፈቺ።»

ከፈተች። ቢቢ ወደ ፀሐይ አዙራ እንደ ፈረስ ነጋዴ መረመረቻት።

«ተበልቷል። እንዲህ ፊቷን አስራ ብንልካት አባቷ ‹መንጋጋዋን ሰብረው ላኩልኝ› ነው የሚለው። ትታከምና ትሂድ።»

አማክ ሙህሲን ሊወስዳት ቀን ቆርጦ ነበር፤ ፊቱ ተቋጠረ። ግን በእኛ አገር ከኃጢአት ይልቅ ስም ይፈራል።

«ጥርሱ እስኪያልቅ ብቻ» አለ።

«ጥርሱ እስኪያልቅ ብቻ» አለች ቢቢ።

ራኪያ አፓ የምትባለው ታታር የጥርስ ሐኪም ከገበያው ጀርባ፣ ቤቷ ውስጥ ነበር የምትሠራው። ቆዳው የተላጠ አሮጌ ወንበር አላት፤ በገመድ የሚዞር መሰርሰሪያ አላት፤ ቤቷ ቅርንፉድና አዮዲን ይሸታል። እናቴን አስቀመጠቻትና እንደ ልጅ አነጋገረቻት።

«ስሚኝ፣ ውዴ ሩዚጉል-ጆን፣ የሚገጥምሽን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ሰው የሚፈራው የማያውቀውን ነው። ዛሬ ጥርሱን ከፍቼ መድኃኒት አስገባበታለሁ፤ ነርቩን ይገድለዋል። ማታ ትንሽ ይመታሻል። ተመልሰሽ ስትመጪ የሞተውን መዝዤ አወጣለሁ፣ ሥሩ ድረስ ያለችውን ቦይ በመርፌ እጠርጋለሁ፣ አደርቃለሁ፣ እደፍናለሁ። ጥርሱ ይሞታል፣ ግን ከቦታው አይነሣም፤ ያኝክልሻል።»

«መድኃኒቱ ምንድን ነው?»

«የአይጥ መርዝ የአክስት ልጅ» ብላ ሳቀች ሐኪሟ። «አይዞሽ፣ ለአይጥ እንኳ አይበቃም።»

እኔ አልሳቅኩም። መርዝ፣ መግደል፣ የሞተ፤ እነዚህን ቃላት በጆሮዬ ሰምቼ እናቴ አፏን ስትከፍትላት በዓይኔ አየሁ።

በማግስቱ ቢቢ ካባዋን ቻፓኗን ደርባ፣ በሽቦ የተጠገነችውን ሰማያዊ ጎድጓዳ ሳህኗን በጨርቅ ሸፍና ወጣች።

«የት ነው፣ ቢቢ?»

«ሳቭሪ ጋ። አንቺ ልጅ ጥያቄ አያልቅብሽም?»

ስትመለስ እጇ ባዶ ነበር።

እንደገና ሐኪሟ ጋ ስንሄድ ራኪያ አፓ ቀጭን መርፌ ጥርሱ ውስጥ አስገባች፤ ጠመዘዘችና ሳብ አደረገችው። ጫፉ ላይ እንደ እርጥብ ሐር ያለች፣ ሐመር ሮዝ ነገር ተንጠለጠለች። ሐኪሟ ወደ እኔ ዘረጋችልኝ።

«ይኸውልሽ፤ እናትሽን እንቅልፍ የነሳቻት ይህች ናት።»

ክሯ። ሆላ ሳቭሪ ያለቻት ክር፣ እውነተኛዋ፣ በዓይኔ በብረቱ።

ዘወር ብዬ የእናቴን ዓይኖች አየሁ። እንባ ሞልቷቸዋል። ሐኪሟ «አለቀ፣ ከእንግዲህ አያምሽም» ካለቻት በኋላም እንባው አልቆመም። ፊቴን ወደ መስኮቱ ሳዞር ደግሞ ደፉ ላይ ጥጥ የሞላባት ሰማያዊ ሳህን አየሁ፤ ጠርዟ በሽቦ የተሰፋ።

«እማ፣ የቢቢ ሳህን!»

«ሰማያዊ ሳህን ማን ቤት የለም? ሂጂ ውጪ ጠብቂኝ።»

ከውጪ በመስታወቱ አየኋቸው። እናቴ ከወንበሩ ወርዳ የሐኪሟን እጅ በሁለት እጇ ይዛ ትለምናለች። ራኪያ አፓ ግር እንዳለው ሰው ወደ መስኮቱ፣ ወደ ሳህኗ አየች፤ ከዚያም ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች። ክሯን መልሺልኝ እያለቻት ነው ብዬ ደመደምኩ። ምን ትለምናታለች ሌላ?

ማታ ለቢቢ «ሳህንሽ ሐኪሟ ጋ ናት» ስላት ክንዴን እስኪበልዝ ቆነጠጠችኝ።

«የሰው ዕቃ የሚቆጥር ዓይን ይጥፋ! ይህን ደግመሽ እንዳልሰማ።»

በዚያ ሰሞን ሁሉም ስለ ዓይን ነበር የሚያወራው፤ እኔ ላይ ማን ይፈርዳል?

ከዚያ ወዲህ ጥርሱ አላልቅ አለ። አንድ ጊዜ ራኪያ አፓ «ቦዩ ገና እርጥብ ነው» ትላለች። ሌላ ጊዜ «መብራት ጠፍቷል፤ መሰርሰሪያዬ በዱዓ አይዞርም» ትላለች። ሌላ ጊዜ «ሥሩ ጠማማ ነው፤ ተራራ የበቀለ ጥርስ ምን ይሁን» ብላ ትመልሰናለች። እናቴ ወንበሩ ላይ ትወጣለች፣ አፏን ትከፍታለች፣ ሐኪሟ ጥጡን ትለውጣለች፤ እናቴ ታለቅሳለች። ከወንበሩ ስትወርድ ዝናብ እንደመታው መንገድ ጸድታ ነበር የምትወርደው።

ቤት ውስጥም እንዲሁ። በእኛ አገር ኬሊን፣ ማለት የቤቱ ምራት፣ ዓይኗ እያበጠ ሻይ አትቀዳም፤ ነውር ነው። ጥርሷን የታመመች ሴት ግን ማን «ለምን ታለቅሻለሽ» ይላታል? ጉንጯን በሻርፕ አስራ፣ ግቢው መሃል፣ አማክ ፊት እንኳ ታለቅሳለች። «ጥርሷ ነው» ይባላል። እኔም «ጥርሷ ነው» እል ነበር፤ ለሚጠይቀውም ላልጠየቀውም።

ቢቢ ግን አልማረቻትም።

«ዛሬም አላለቀም? የበሬ ጥርስ ነው እንዴ? እኔ የራሴን በክር አስሬ ከበር ጋር ነቅያለሁ፤ ይህቺ አንዲት ጥርስ ይዛ ከተማ ታምሳለች!»

ይህን የምትለው ሁልጊዜ አማክ ሲኖር ነበር። አማክ ታዲያ «እንግዲያው ይነቀልላትና ትሂድ» ይላል። ይህን ሲላት ደግሞ እሱ ላይ ትዞርበታለች።

«ይነቀል? ከፊት ያለው? ባዶ አፍ ይዛ አባቷ ደጅ ቆማ ተራራው ሁሉ ይሳቅብን? አንተ ስለ ጥርስ ምን ታውቃለህ፤ ያሉህ ሁለት!»

ለእኔ ይህች ሴት ለማንም የማትመለስ ክፉ ነበረች። አንድ ከሰዓት በኋላ መደቡ ላይ ተቀምጠን የአፕሪኮት ፍሬ በድንጋይ እየሰበርን አስኳሉን እንለቅም ነበር። እናቴ ሳታስበው አንዱን ፍሬ ወደ አፏ ወስዳ ቀጭ አደረገችው፤ በዚያው በሚያማት በኩል። ቢቢ ካለችበት ተንደርድራ እጇን በጥፊ መታቻት። አስኳሉ ተበተነ።

«ጥርስሽ ሳያልቅ! ሆዳም!»

አማክ ከሻዩ ቀና አለ። እናቴ ደንግጣ ጉንጯን ያዘች፤ ሻርፑን አጥብቃ እያለቀሰች ወደ ውስጥ ገባች። ለአንዲት የአፕሪኮት ፍሬ! ያን ዕለት ቢቢን ጠላኋት። እኔ ደግሞ ነገርን በግማሽ የማደርግ ሰው አይደለሁም፤ ስጠላ ለዕድሜ ልክ ነው።

በየጠዋቱ እናቴ ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ትላለች።

«ሳዳፍ-ጆን፣ ጣራ ላይ ውጪና ተራራውን እይልኝ። ነጭ ነው?»

ከላይ ያሉት ጫፎች ክረምት ከበጋ ነጭ ናቸው። እሷ የምትጠይቀኝ መሃል ላይ እንደ ኮርቻ ዝቅ ስላለው መተላለፊያ ነው። እወጣለሁ፣ አያለሁ፣ እወርዳለሁ። «ቡናማ ነው፣ እማ» እላለሁ። ፊቷ ይጨልማል።

የተፈታች ሴት ጣራ ላይ ቆማ ወደ አባቷ አገር መንገድ ስታይ ከታየች ሰፈሩ ወሬ ይበላታል። ለዚህ ነበር እኔን የምትልከው። እኔ ግን ያን ትልቅ ተራራ፣ ከየትም የሚታየውን፣ «እይልኝ» ስትለኝ ሌላ ምን ልበል? ክሯ ወጥታለች፤ የእናቴ ዓይን እየሄደ ነው አልኩ።

አንድ ቀን ስወጣ ኮርቻው ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው። ከጣራው የወረድኩት በመሰላል ሳይሆን በጩኸት ነበር ማለት ይቻላል። «ነጭ ነው! ሁሉም ነጭ ነው!» እናቴ በሊጥ እጇ አቅፋ አዞረችኝ፤ ቀኑን ሙሉ እያንጎራጎረች ዋለች፤ ሻርፑን ረስታ ቢቢ «ጉንጭሽን እሰሪ፣ ብርድ ይገባዋል» ብላ እስክትጮህባት ድረስ። ሊመሽ ሲል ሰው ሳያያት ራሷ ጣራ ላይ ወጣች። ተከተልኳት። ብዙ ቆመች።

«የቱ ጋ ነው ያየሽው?»

«እዚያ ጋ። ዝቅ ያለው።»

«እዚያ ጋ ምንም የለም፣ ልጄ።»

ጠዋት የነበረው ደመና ነበር፤ ሄዷል። ይህን ዛሬ ነው የማውቀው። ያኔ ቀና ብዬ ያየሁት ተራራውን ሳይሆን እሷን ነው። እኔ ያየሁትን ማየት አልቻለችም። ጨርሷል፣ አልኩ፤ ዓይኗ ጨርሷል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እጇን ይዤ መምራት ጀመርኩ። «ደፍ አለ፣ እማ።» «ከፊትሽ ባልዲ አለ፣ እማ።» መርፌ ላይ ክር እየሰካሁ እሰጣታለሁ፤ ዳቦ ቆርሼ መዳፏ ላይ አስቀምጣለሁ። መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ ግን ምን እንደገባት እንጃ፣ ጭንቅላቴን ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

ዛፉ ሁሉ ቅጠሉን ጨርሶ አየሩ ግን እንደ መስታወት ጥርት እንዳለ ቀረ። አንድ ጠዋት አማክ ሙህሲን ኮቱን ለብሶ ግቢ ውስጥ ቆመ።

«ዛሬ ሐኪም ቤት የምወስዳት እኔ ነኝ።»

ከወንበሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጠ፤ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አደረገ። መብራት አለ። ሁሉ ነገር ሞልቷል።

«እንግዲህ አፓ፣ እያየሁ ድፈኚልኝ። የመንገድ ሠራተኞች እንኳ ይህን ጉድጓድ እስካሁን ይጨርሱት ነበር።»

«ጠማማ ሥር…» ብላ ጀመረች ራኪያ አፓ።

«አቃኚው።»

ሐኪሟ ወደ እናቴ አየች። እናቴ ወደ መስኮቱ አየች። ከመስኮቱ ማዶ አንድ የደመና ብጣሽ አልነበረም። ከዚያ የመርፌው፣ የጥጡ፣ የሚቦካው ነጭ ነገር ድምፅ ብቻ ተሰማ። እናቴ ያን ዕለት አላለቀሰችም። ተሻላት ብዬ ደስ አለኝ።

ስንመለስ ቢቢ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችን።

«ደፈነችው? በምን? በኖራ? የሞተ ጥርስ ወርቅ ካልለበሰ እንደ ሸክላ ይሰበራል። ከእኔ ቤት የወጣች ሴት የተሰበረ ጥርስ ይዛ አትሄድም!» ይህን ብላ ከግራ ጆሮዋ ጉትቻዋን ፈታችና አማክ እጅ ላይ ጣለችው። «ይቅለጥ።»

«እናቴ፣ ምን ነካሽ? የሰርግሽ ወርቅ እኮ ነው!»

«ስም ነዋ! ወይስ አንተ ዘንድ ስም ረክሷል?»

አማክ ጉትቻውን ኪሱ ከተተ። ወርቅ ጥርስ በእኛ አገር የቤት ሰንደቅ ነው፤ አይሁን ማለት አይቻልም። ቢቢ ለስሟ ስትል ጉትቻ ቀርቶ ጆሮዋንም ቆርጣ ትሰጣለች አልኩ በልቤ። ልኩ እስኪወሰድ፣ ወርቁ እስኪቀልጥ፣ ጥርሱ እስኪለብስ ጥቂት ቀናት ተገኙ። ሰማዩ ግን የቢቢን ቁጣ የማይፈራ ብቸኛ ፍጡር ነበር። ጥርት እንዳለ ቆየ።

የሄደችበት ጠዋት እናቴ የሐር አትላስ ቀሚሷን ለብሳ ተንበርክካ አቀፈችኝ። በአባቷ አገር አየር ጥርሱ እንዲጸናላት ትሄዳለች፣ አፕሪኮቱ ሲያብብ ትመለሳለች ተብዬ ነበር። ስትናገር ወርቁ አብለጨለጨ። በጣቴ ነካሁት፤ ቀዝቃዛ ነው።

«እማ፣ አሁን ይታይሻል?»

«ምኑ?»

«እኔ።»

«አንቺ ብቻ ነሽ የምትታይኝ» አለች።

የአማክ መኪና ኒቫው ሲነሣ ሆላ ሳቭሪ ሳትቀር ደጅ ወጥታ፣ በሰላም ትግባ ብላ ከኋላዋ ውሃ ደፍታ ሸኘቻት። ቢቢ አልወጣችም። ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ ሊጥ ታቦካ ነበር፤ የቦካውን እንደገና ታቦካ ነበር።

ሳምንቱ ሳያልቅ ጣራ ላይ ወጥቼ ኮርቻው ነጭ ሆኖ አየሁት። በዚህ ጊዜ ደመና አልነበረም፤ ጣራችን ላይም ብናኙ ይወርድ ነበር። «ነጭ ነው! እማ፣ ነጭ ነው!» ብዬ እየጮኽኩ ግማሽ መሰላል ከወረድኩ በኋላ ነው የምነግራት ሰው እንደሌለ ትዝ ያለኝ። ተንዱሩ ጋ የነበረችው ቢቢ ቀና አለች። ሊጥ የለበሰ እጇን ወደ ተራራው አነሣች።

«አሁን? አሁን ነው? ዓይን ይፍሰስ!»

እርግማኑን ለእኔ መሰለኝ፤ ወሬውን ያመጣሁ እኔ ነኛ። እስከ ጸደይ ከአስፈላጊ ነገር በቀር አላናገርኳትም።

አፕሪኮቱ አበበ፤ ረገፈ። እናቴ ስለታወረች መለሷት አልኩ፤ ዓይነ ስውር ኬሊን ማን ይፈልጋል? አንድ ቀን ሄጄ እንዳገለግላት በማለት ዓይኔን ጨፍኜ ግቢውን መዞር ተለማመድኩ። ትምህርቴን ዘጠነኛ ክፍል ላይ አቋረጡብኝ፤ ሴት ልጅ ይበቃታል ተባለ። የቀረውን እኔ ለራሴ አስተማርኩ፣ ሱፍ ፍሬ ለመጠቅለል ገበያ ላይ በኪሎ ከሚሸጡት የሩሲያ መጻሕፍት። ልባሱ የተገነጠለ አንድ የሰውነት ክፍሎች መጽሐፍ አገኘሁና ከሁሉ በፊት የፈለግሁት ያቺን ክር ነው። ከክራንቻ ወደ ዓይን የሚሄድ ክር የለም። ገጹን ይዤ ሆላ ሳቭሪ ጋ ሄድኩ። «መጽሐፉን የጻፈው ወንድ ነው» አለችኝ።

በመተላለፊያው ሥር ዋሻ ተቆፍሮ የተከፈተ ዓመት ዐሥራ አራት ዓመቴ ነበር። ክረምት ትርጉም አጣ፤ ያ ሁሉ ተራራ አንድ ብርጭቆ ሻይ እስኪጠጣ ይታለፋል። ሄድኩ። እናቴ ሚስቱ ለሞተችበት ሰው ተድራ፣ ትንንሽ ልጆች ቀሚሷን ይዘው፣ ደጅ ላይ ቆማ ነበር። ከሩቅ ያወቅኋት በወርቁ ነው። ለእንግዳ የሚነጠፈውን ጨርቅ አነጠፈችልኝ፤ ለእንግዳ የሚቆረሰውን ዳቦ ቆረሰችልኝ። የልጇ ቁልፍ ተበጥሶ ነበርና መርፌ አነሣች። ክሩን ምራቅ ነካ አድርጋ፣ መብራት በሌለው ቤት ውስጥ፣ በአንድ ጊዜ ሰካችው።

«ቢቢሽ ደህና ናት?»

«አልሞተችም።»

ሳቀች። «በየቀኑ ጥርሴን ትቆጥርብኝ ነበር። ግን ሸወድኳት! ራኪያ አፓን እጇን ይዤ ‹በረዶ እስኪዘጋ አትጨርሺልኝ› ብዬ ለመንኳት። ነርቩ ከወጣ በኋላ እኮ ምንም አያመኝም ነበር። ያቺን እንደ ወስፌ የምትወጋ ዓይን ያላትን አሮጊት፣ ያን ሁሉ ጊዜ፣ እኔ ሩዚጉል ሸወድኳት።» ይህን ስትል ፊቷ እንደ ልጅ በራ። በሕይወቷ ያሸነፈችው አንድ ነገር ያ ብቻ ይመስለኛል።

ቢቢ በቀጣዩ ዓመት ሞተች። ባንድ ጆሮዋ ብቻ ጉትቻ እንዳደረገች ነው የተገነዘችው፤ ሌላውን አልተካችውም ነበር። ለለቀስተኛ ሻይ አመላለስኩ። ሴቶቹ ደረት እየመቱ ወደ እኔ ያዩ ነበር፤ ጉንጬ ደረቅ ነው። ይዩ አልኩ። እናቴን ደግሞ የሳንባ በሽታ ከወሰዳት ሁለት ክረምት ሆነ። መንገዱ ክፍት ነበር፤ ደረስኩላት፤ ምንም አልጠቀማትም።

በዚህ ጸደይ የእኔ ክራንቻ ተራውን ያዘ። ራኪያ አፓ አርጅታለች፤ እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ሥራውን ለሴት ልጇ ትታ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ትውላለች። ወንበሩ አዲስ ነው። ሽታው ያው ነው። ልጅቷ እንደ እናቷ አስቀድማ ነገረችኝ፤ እከፍታለሁ፣ አወጣለሁ፣ እጠርጋለሁ፣ እደፍናለሁ። ሁለት ቀጠሮ ይበቃል።

«ሁለት?» አልኩ፣ ወደ መስኮቱ በኩል እንዲሰማ። «እናቴን ቅጠል እስኪረግፍ ነበር ያመላለሳችኋት። ያኔ ሐኪሟ ሰነፍ ነበረች ማለት ነው።»

አሮጊቷ ቀስ ብላ ፊቷን አዞረች።

«የማን ልጅ ነሽ፣ አንቺ ምላሳም?»

«የሩዚጉል።»

«ክሯን ያሳየሁሽ?»

«እኔው ነኝ። የለመነችሽንም አውቃለሁ፤ ራሷ ነግራኛለች።»

«ለምናኛለች፣ አዎ። ገርሞኝ ነበር። ሌላ ሰው ለዚያው ነገር በአላህ ስም አስምሎኝ ነበራ። ‹መንገዱ እስኪዘጋ ያን ጥርስ አትጨርሺው፤ ለእሷ ግን ትንፍሽ እንዳትይ፤ እንደምራራላት ካወቀች በልጄ ፊት ታመሰግነኝና ሁለታችንም እናልቃለን› አለችኝ።» አሮጊቷ የሚንቀጠቀጥ እጇን የመስኮቱ ደፍ ላይ ዘረጋች። በሽቦ የተሰፋችው ሰማያዊ ሳህን እዚያው ነበረች፤ ጥጥ ሞልቶባታል። «ይህችን ሙሉ ቅቤ ይዛ ነው የመጣችው። ቢቢሽ ናት፣ ልጄ። ከእናትሽ በፊት።»